የመሪጌታው መሐላ

ላሊበላ የታሰርሁበት ክፍል የእህል መጋዘን ነበር። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ የተቀበለኝ የነቀዘ ገብስ ሽታ ነው፤ ቀጥሎ ወደ ግድግዳው ዞረው የተቀመጡ ሽማግሌ መሪጌታ። ሰላምታዬን መለሱና ዝም አሉ። የሕክምና ትምህርቴን ሳልጨርስ የተያዝሁ፣ ወሬ የማልጠግብ ልጅ፣ ከሰው ጋር ሆኜ ብቻዬን ሰነበትሁ።

አንገታቸው ላይ እብጠት ነበረ፤ ጠንካራ፣ ቆዳው የቀላ፣ ሲነኩት የሚያተኩስ። ጠባቂያችን የአገሩ ልጅ ስለነበር እብጠቱ ላይ የሚያኖሩት ተልባ አሙቆ ያመጣላቸዋል። "አብሽሩ አባ፣ ይበስልና ይፈርጣል" እያለ ያጽናናቸዋል። አልበሰለም።

አንድ ማለዳ ሳልጠይቃቸው ተናገሩ። ደርግ የሚያሳድዳቸው ሁለት ወጣቶች እርሳቸው ቤት ተሸሽገው ነበር። መሪጌታው ግን ምርመራ ላይ መስቀል ጨብጠው "አላየሁም" ብለው ማሉ። በሐሰት የማለ አንገቱ ያብጣል ይባላል፤ ማቃጠል የጀመረውም ከዚያ ወዲህ ነው።

"ዛሬ ሲጠሩኝ መሐላዬን አነሳለሁ" አሉኝ። "እሳቱን አልቻልሁትም።"

ወጣቶቹ ወዴት እንደሄዱ እርሳቸው ያውቃሉ። ከተናገሩ ሁለቱም ይገደላሉ። በጣም ፈራሁ።

እብጠቱ መቼ እንደወጣ ጠየቅኋቸው። ከመታሰራቸው በፊት፣ ሽምብራ አክሎ ነበር። እንግዲያው መሐላው አይደለም፣ ካንሰር ሳይሆን አይቀርም አልኋቸው።

"እሳቱስ?"

"እሳቱ የራስዎ ሰውነት ነው፣ አባቴ። ሴሎቻችን በፕሮቲን መልእክት ይጠራራሉ። አንዱ ሲጣራ ነጭ የደም ሴሎች ለእርዳታ ይደርሳሉ፤ ቦታው የሚቀላውም የሚያተኩሰውም ለዚያ ነው። ካንሰር ላይ ግን ጥሪው አያባራም፤ የደረሱትም እጢውን መቀለብ ይጀምራሉ።"

"መሐላዬን አያውቁም?"

"አያውቁም።"

"ደግ ልጅ ነህ" አሉኝ። ይድኑ እንደሆነ ጠየቁኝ። መዋሸት አምሮኝ ነበር፤ እዚህ መድኃኒት እንደሌለው ነገርኋቸው።

ረፋዱ ላይ ተጠሩ። ጋቢያቸውን አስተካክለው ወጡ። በሩን ስላልዘጉት ድምፃቸው ከግቢው ተሰማኝ፤ ቀጥኗል፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል።

"ያልሁት ያው ነው። አላየሁም።"

ወደ ክፍሉ አልመለሷቸውም። ጠባቂው ወደ ሌላ እስር ቤት እንደወሰዷቸው ነገረኝ። በፊት ቢያንስ የሰው ትንፋሽ እሰማ ነበር፤ ከዚያ በኋላ እርሱም ቀረ። እንደዚያ ብቻዬን የሆንሁበት ጊዜ የለም።

ዛሬ ስለነዚያ መልእክተኛ ፕሮቲኖች ብዙ ተጽፏል። ብግነትን፣ ያን የሚያተኩስ መቅላት፣ እንዴት እንደሚያባብሱ፣ የሰውነትን መከላከያ እንዴት እንደሚያዘናጉ አነባለሁ። ያኔ የነገርኋቸው ግማሹ ግምት ነበር። መሪጌታው ያመኑኝም አይመስለኝም። እሳቱ የእግዜር ቁጣ መሆኑን እንዳመኑ፣ ሊቃጠሉ ወስነው የወጡ ይመስለኛል።