ያልታየው ሞገድ

ፖሊሶች የያዙኝ ከሰልፉ ወጥቼ ወደ ባቡር ጣቢያው ስሄድ ነው። ፖሊስ በእኛ በቤተ እስራኤላውያን ልጆች ላይ የሚያደርሰውን ድብደባ ተቃውመን እስራኤል አገር ቂርያት ጋት ከተማ ውስጥ አደባባይ የወጣን ቀን ነበር። ያስገቡኝ የፖሊስ ጣቢያ ክፍል የበረኪና ሽታው ዓይን ያቃጥላል። አግዳሚው ላይ ከዚያው ሰልፍ የተያዙ አንዲት እናት ተቀምጠዋል። በኢንዱስትሪ ቀጠናው አንድ ሚፍዓል፣ ማለትም ፋብሪካ፣ ውስጥ ዕቃ ሲያሽጉ ዘመናቸውን የገፉ ሴት ናቸው።

መርማሪው የምፈርምበት የተጻፈ ወረቀትና እስክሪብቶ ትቶልኝ ሄደ። ድንጋይ መወርወሬን አምኜ ከፈረምኩ በዚያው ቀን እንደምወጣ ነግሮኛል። በማግስቱ የዶክትሬት ሥራዬን መምህራኑ ፊት የማቀርብበት ቀን ነበር፤ ይህን ለእናትዬዋም ነገርኳቸው። ድንጋይ አልወረወርኩም። እስክሪብቶውን ግን አንስቼ ነበር።

«ምንድን ነው የምትማሪው?» አሉኝ እናትዬዋ።

«ስበትን ነው፣ እማማ። ሁለት የሞቱ ከዋክብት እርስ በርስ ሲዞሩ ሞገድ ይለቃሉ። ሞገዱ ጉልበታቸውን ስለሚወስድ እየተቀራረቡ ሄደው ይጋጫሉ። እዚህ ምድር ላይ ሆነን ሞገዱን እንለካዋለን።»

«ያንቺ ሥራ ታዲያ ምኑ ላይ ነው?»

«የምናውቀው የስበት ሕግ አንድ ነገር ይጎድለዋል የሚል ሌላ ሐሳብ አለ። እውነት ከሆነ ተጨማሪ ሞገድ መኖር አለበት፤ ከዋክብቱም ፈጥነው ይጋጫሉ። አራት ዓመት እሱን ፈለግሁ።»

«አገኘሽው?»

«አላገኘሁም። ሐሳቡን ግን በጣም ወድጄው ነበር።»

«ለመምህራኑ ምን ልትያቸው ነው ነገ?»

«አልታየም።»

ወረቀቱን በአገጫቸው አመለከቱኝ።

«እኔ ዕብራይስጥ ማንበብ አልሆነልኝም። ምን ይላል?»

ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። «ድንጋይ ወርውሬ» የሚለው ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። አትፈርሚ አላሉኝም። ጠጋ ብለው አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ።

መርማሪው ሲመለስ በፊርማው ቦታ «አልወረወርኩም» ብዬ ጽፌ ሰጠሁት።

«እንግዲያው ነገም እዚህ ነሽ» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

እማማ ነጠላቸውን ዘርግተው ግማሹን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ።

ሁለት ቀን ቆየሁ። ክሱ ከወራት በኋላ ተዘጋ፤ ሥራዬንም በሌላ ቀን አቀረብኩ። አሁን የምኖረው እዚያው ከተማ፣ ካርሜ ጋት በሚባለው ሰፈር ነው። የፖሊስ መኪና ባጠገቤ ባለፈ ቁጥር እስኪርቅ ዳር ይዤ እቆማለሁ። ታሪኩን የሰሙ ሰዎች ደፋር ነሽ ይሉኛል። እማማ ወረቀቱን አይተው «ምን ይላል?» ብለው ባይጠይቁኝ ኖሮ ፈርሜ እወጣ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።