የእህቴ ልጅ ሃያ ጥርሶች

እሁድ ነበር። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ ግቢያችን ውስጥ፣ ቧንቧው አጠገብ። እህቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የሦስት ዓመት ልጇን ጭንቅላት ጭኗ ላይ አስተኝታለች። ከንፈሯን በጣቷ ገለጥ አድርጋ ወደ ፀሐይ አዞረቻት። ከዚያ ብሩሹ። የጥርስ ሳሙናው የሩዝ ፍሬ ቢያህል ነው።

ጎረቤታችን እማማ ልብስ እያሰጡ ያዩናል።

«ለሚወልቅ ጥርስ ይሄ ሁሉ! ልትድሪያት ነው እንዴ?»

«እስኪወልቅ በምን ታኝክ እማማ? ለመሆኑ የእርስዎ ስንት ቀሩ?» አለች እህቴ።

«ሁለት። እነሱም ተኳርፈዋል፤ አይገናኙም።»

ሳቅን።

እማማ ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ልጅቷ ገና ጥርስ ሳታወጣ ተቅማጥ ይዟት ስትከሳ፣ «ግግ ነው፤ ድዷ ተፈልፍሎ ትሉ ይውጣላት» ብለው ግግ አውጪዋን ሴትዮ ይዘው የመጡት እሳቸው ናቸው። እኔም... እውነቱን ልጻፍ። እጇን ልይዝላቸው ተነስቼ ነበር። አስራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩት እኔ። እህቴ እኔን ለማስተማር ብላ ከስምንተኛ ነው ያቋረጠችው። እሷ ግን ልጇን አቅፋ በሩ ላይ ቆመች።

«ጤና ጣቢያ ስትከተብ ነርሷን ጠይቄያለሁ» አለች። «ድዷ ውስጥ ያለው ትል አይደለም። ያልበቀለው ጥርሷ ነው። ማንም አይነካትም!»

ወዲያው አዝላት ጤና ጣቢያ ሄደች። በውሃ የሚበጠበጥ መድኃኒት ሰጧት። ልጅቷ ዳነች። ጥርሶቿም በየተራ ወጡ። እኔ ያኔ አፈርኩ። ኋላ ግን ኩራቱ ሐፍረቱን በለጠው፤ ለሰው ሁሉ አወራሁ።

እሁድ ዕለት ብሩሹን አጥባ፣ «ና ቁጠር፣ የተማርከው» አለችኝ።

ቆጠርኩ። ሃያ። አንድም ጥቁር ነጥብ የለም።

«የማን ሥራ ነው?»

«ያንቺ» አልኳት።

ሰኞ ሲነጋ እህቴ አልነቃችም። ልቧ ነው አሉ። እንዳመማት እንኳ አናውቅም ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀበርናት። ስለዚያ... ሌላ ጊዜ እጽፍ ይሆናል።

ልጅቷ «እማዬስ?» ባለች ቁጥር ለቀስተኛው ከረሜላ ያስይዛታል። ማታ ከረሜላው ጉንጯ ውስጥ እንዳለ እንቅልፍ ወሰዳት።

ማክሰኞ ጠዋት ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሳይሞላ ብሩሹን ፈለግኩ። መስኮቱ ላይ፣ ራሷ ያስቀመጠችበት ነበር። በርጩማውን ቧንቧው አጠገብ አደረግኩና ልጅቷን ጭኔ ላይ አስተኛኋት። አፏን ገጥማ እንቢ አለች።

«ዛሬን እንኳ ተዋት፣ ልጄ» አሉ እማማ።

«ትናንት ሙሉ ቀን ከረሜላ ስትበላ ነው የዋለችው፣ እማማ።»

 እማማ መጥተው አጠገባችን ቁጢጥ አሉና አፋቸውን ከፈቱላት።

«አአአ... በይ እንደኔ!»

ልጅቷ ሁለቱን ጥርሶች አይታ አፏን ከፈተች።  ከኋላኞቹ ጀመርኩ፣ እህቴ ታደርግ እንደነበረው። ሃያውንም።