ነፋስ የቀዳልን ውሃ

ግራሶ የተቀባ ብረት ፀሐይ ሲያገኘው የሚሸተው ሽታ አለ። ትናንት ከልጅ ልጄ ብስክሌት ላይ ሸተተኝና ሸዋ ሮቢት ወሰደኝ፣ ከነፋስ መዘውሩ ሥር።

በጣሊያን ጊዜ ነው። እኔ እናት አባቴ ሞተውብኝ ከአክስቴ ጋር የምኖር፣ ለአቅመ ሔዋን የደረስኩ ልጅ ነበርኩ። ከደብረ ሲና ቁልቁል መንገድ የሚሠሩት ጣሊያኖች ከመንደራችን አጠገብ ሰፍረው ጉድጓድ አስቆፈሩ። በላዩም ረጅም የብረት ማማ አቆሙ። ጫፉ ላይ ያለውን ባለቆርቆሮ ክንፍ መዘውር ነፋስ ሲያዞረው ውሃው በቧንቧ ተስቦ ይወጣል። እኛ ግን አጥሩን እንኳ መጠጋት አይፈቀድልንም። በበጋ የሮቢ ወንዝ ሲጎድል አሸዋውን በእጃችን እየጫርን፣ ድፍርሱ እስኪጠራ ቁጭ ብለን እየጠበቅን፣ በቅል እየጨለፍን ነበር የምንቀዳው። እንስራ አዝለን ስንመለስ መዘውሩ ሲጥ ሲጥ ይላል። እንዴት ያናድደኝ ነበር!

አንድ ጠዋት ሰፈሩ ባዶ ሆኖ ተገኘ። መሸነፋቸውን ሰምተው ነው መሰል በመኪና ተጭነው ወደ ደሴ ሄደዋል። የመንደሩ ጎረምሶች መጥረቢያና ገመድ ይዘው መጡ፤ ቆርቆሮው ለጣራ፣ ብረቱ ለማረሻ ይሆናል ብለው። አክስቴ ይህን ስታይ ከማማው መሰላል ሥር ሄዳ ቁጭ አለች።

«የጠላት ዕቃ እኮ ነው!» አላት አንዱ።

«ውሃውም የጠላት ነው? በሉ መጀመሪያ እኔን ቁረጡ!»

በግመል እየጫኑ ጨውና ቆዳ የሚነግዱት ሙስሊሙ ሽማግሌ ጎረቤታችን ጩኸቱን ሰምተው መጡ። «ውሃ የአላህ ነው፤ እስቲ ለዛሬ ተዉላት» አሉ። ጎረምሶቹ እሳቸውን አፍረው መጥረቢያቸውን አስቀመጡ፤ ውሃ ካልወጣ ግን እንደሚያፈርሱት ነገሯት።

ከሰዓት በኋላ የቆላው ነፋስ ተነሳ። መዘውሩ ዞረ፤ ከቧንቧው ግን ጠብታ የለም። የአክስቴ ፊት ጠቆረ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አዳመጡና፣ «እትዬ፣ አይዘኑ። ቆዳው ነው ያለቀው» አሏት። ከቧንቧው ውስጥ ከፍ ዝቅ እያለ ውሃውን የሚስበው ቆዳ ቶሎ ስለሚያልቅ፣ የጣሊያኖቹ መካኒክ ከእሳቸው ይገዛ ነበር ለካ። ሄደው ከግመላቸው ኮርቻ ላይ ደህናውን ቆዳ ቆርጠው፣ ሞራ አጠጥተው አመጡ። ለማፍረስ የመጡት ጎረምሶች በዚያው ገመዳቸው ቆዳው የታሰረበትን የብረት ዘንግ ከቧንቧው ጎትተው አወጡላቸው፤ ቆዳውንም ቀይረው መለሱት።

ነፋሱ እንደገና ሲበረታ ቧንቧው መጀመሪያ አየር ተፋ፤ ቀጥሎ እንደ ደም የቀላ የዝገት ውሃ። ከዚያ ጠራ። ሴቶቹ እልል አሉ። ሽማግሌው እዚያው ዉዱእ አድርገው ጥላ ሥር ሰገዱ። ጎረምሶቹ ሸሚዛቸውን አውልቀው እንደ ሕፃን ይራጩ ጀመር፣ ማንም የተቆጣቸው የለም።

ጀንበሯ ልታዘቀዝቅ ስትል አክስቴ ጠራችኝ። አንበርክካኝ ሹሩባዬን ፈታችና ሙሉ እንስራ ውሃ በራሴ ላይ ቀስ እያለች አፈሰሰችው። ውሃ በሚጠፋበት በጋ ፀጉር መታጠብ ለእኛ ወግ አልነበረም፤ ደንግጬ ልነሳ ስል ትከሻዬን ያዝ አደረገችኝ።

«ተይ፣ አትሳሺ» አለችኝ። «ገና አለ።»

አክስቴ ካረፈች ስንት ዘመኗ። ዛሬ ቤቴ ውስጥ ቧንቧ አለኝ፤ ፀጉሬን የሚያጥቡልኝም ልጆች አሉኝ፣ እጃቸው ይባረክ። ግን እንደዚያ ቀኑ የአክስቴ እጅ የለሰለሰኝ የለም።