አባቴ ከንፈር የሚያነብበት መስመር

እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴን ከጌዶ አምጥቼ አምቦ እኔ ጋ አስቀመጥኩት። የቤት ብሮድባንድ ያስገባሁትም ያኔ ነው፤ ለራሴ ብዬ ግን አልነበረም። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ የሚያስፈልገኝን በሞባይሌ እየጨረስኩ እኖር ነበር። ለአባቴ ብዬ ነው።

የአባቴ ጆሮ ከደከመ ቆይቷል። መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያኑ ስብከት ራቀው፣ ቀጥሎ የቤት ሰው ድምፅ፤ በመጨረሻ በሩን በርግደን ስንገባ እንኳ ዞር የማይል ሰው ሆነ። በዚህ መካከል ግን ማንም ሳያስተምረው የሰው ከንፈር ማንበብ ለመደ። ፊት ለፊቱ ተቀምጦ በኦሮምኛ የሚያናግረውን ሰው አብዛኛውን ይከተለዋል፤ በአማርኛ ሲሆን ግማሹ ያመልጠዋል። ስልክ ግን አይሆንለትም። ጆሮው ላይ ለጠፍ አድርጎ "አሎ፣ አሎ" ይልና መልሶ ይሰጠኛል።

አንድ ወንድም አለኝ፤ ታላቄ ነው፤ ጅግጅጋ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይሠራል። በእነዚያ ዓመታት የእኛ አካባቢ መንገድ በጸጥታው ምክንያት አንዴ ይዘጋል፣ አንዴ ይከፈታል። ወንድሜም መንገዱ ሲዘጋ በመንገዱ፣ ሲከፈት በሥራው እያመካኘ ቤት ከመጣ ሰነባብቶ ነበር። በስልክ ያለኝን ለአባቴ ስነግረው እንደ ተራ ወሬ ነበር የሚቆጥረው። የሚፈልገው ከልጁ አፍ ነው። ስለዚህ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ምሳ ከበላን በኋላ ላፕቶፔን ጠረጴዛው ላይ እከፍትና ወንድሜ ጋ በቪዲዮ እደውላለሁ። አባቴ ጃኬቱን ሳያወልቅ ወንበሩን አስጠግቶ ይቀመጣል፤ ዓይኑን ከልጁ አፍ ላይ ሳይነቅል እንደ ፍርድ ቤት ዳኛ ያዳምጣል።

መስመሩ በትክክል የሠራው የገባ ሰሞን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ምስሉ መንተባተብ ጀመረ። ወንድሜ አፉን በከፈተበት ይቆማል። አንዳንዴ አንድ ዓይኑ እንደተጨፈነ፣ አንዳንዴ ፊቱ በሙሉ እንደ አሮጌ ሞዛይክ ተቆራርጦ። የሚገርመው አባቴ ይህን እንደ ብልሽት አለማየቱ ነው። በትዕግሥት ይጠብቃል።

"ቆሟል እኮ አባ" እለዋለሁ፣ አፌን እያሳየሁት።

"ተይው፣ እያሰበ ነው" ይለኛል።

እኔ ደግሞ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ የሞደሙን መብራቶች እያየሁ ነው። አንዷ ትንሽ መብራት ብልጭ ድርግም ትልና ጭራሽ ትጠፋለች። ስትጠፋ ልቤም አብሯት ይጠፋል።

ብሮድባንዱን ያስገባልኝ ድርጅት የጥሪ ማዕከል ጋ ስደውል ሁልጊዜ የሚነገረኝ አንድ ነው፤ ሞደሙን አጥፍቼ ትንሽ ቆይቼ እንዳበራው። አጠፋሁ፤ አበራሁ። ሌላ ቀን ሌላ ሰው ያነሳና ያንኑ ይለኛል፤ ቀደም ብዬ እንዳደረግሁት ስነግረው እንደገና አድርጊው ይለኛል። ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር የሚያስተምረው ባልደረባዬ ሞደሙ ዝቅ ብሎ ስለተቀመጠ ነው ከፍ አድርጊው አለኝ፤ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልኩት። ከፍሪጁ አርቂው አለኝ፤ አራቅሁት። የግድግዳውን ትንሽ ገመድ ቀይሪ አለኝ፤ ቀየርኩ። በመጨረሻ የሰው እጅ ሳይኖርበት አይቀርም ብሎ የይለፍ ቃሉን እንድለውጥ መከረኝ። በማግሥቱ ግቢው ውስጥ የተከራዩት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሰላምታ ነሱኝ። ለካስ ስንት ጊዜ በእኔ መስመር ፊልም ሲያወርዱ ኖረዋል። በቃ ተገኘ ብዬ ደስ አለኝ፤ ደስታዬ ግን እሑድ ላይ አከተመ። ወንድሜ ስለ ሥራው ጀምሮ ሳይጨርስ ቆመ፤ አባቴ "እያሰበ ነው" አለ።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ደግሞ ችግሩ የእኔ ይሁን የሁሉም አለማወቄ ነው። በዚያ ዘመን ኢንተርኔት ከነጭራሹ የሚጠፋበት ጊዜ ነበር፤ አምቦ ብቻ ሳይሆን ጌዶም እንጭኒም፣ አካባቢው በሙሉ። ስለዚህ ሞደሙን ከመንካቴ በፊት ወደ ደጅ ወጥቼ ጎረቤት መጠየቅ ለመድኩ። የእነሱ ካለ የእኔ ተበላሽቷል ማለት ነው፤ የእነሱም ከሌለ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። እውነቱን ለመናገር የሁሉም ሲጠፋ ይቀለኝ ነበር፤ ቢያንስ ወለል ላይ አልንበረከክም።

ፋሲካ ሲቃረብ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ እንደ ልማዳችን ደወልን። ነፋስ ነበር። ድምፁ ገና ከመጀመሪያው ጠፋ፤ ምስሉ ግን ይታያል፣ እየቆመ እየሄደ። ለአባቴ ድምፅ ምኑም ስላልሆነ እነሱ ይነጋገሩ ብዬ እኔ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ገብቼ ገመዱን እነካካለሁ። ምስሉ ቆሞ ቀረ፤ ቀጥሎም ጥሪው ተቋረጠ። ስወጣ አባቴ ቆሞ ነው ያገኘሁት። ፊቱ በርቷል።

"ለፋሲካ ይመጣል" አለኝ።

እርግጠኛ ነህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። በዓይኔ አይቻለሁ አለኝ። መልሼ ደወልኩ፤ አይገባም። በሞባይል ሞከርኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። በማግሥቱም፣ በሳምንቱም ዝግ ነው። ወንድሜ በመንገድ ዝግጅት ላይ ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

አባቴ ግን ወሬውን ለመንዛት ጊዜ አልፈጀበትም። ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ነገረ። ጌዶ ያለችው እህቱ፣ አክስቴ፣ ቅቤና ዶሮ ይዛ ከነልጇ መጣች። በግ ተገዛ። አክስቴ የወንድሜን አልጋ ራሷ አነጠፈች።

የፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ ነው፤ የአምቦ ገበያም ቅዳሜ ነው። አባቴ በጠዋት ጃኬቱን ለብሶ መናኸሪያ ሄደ። ልከልክለው ብል አይሰማኝም፤ ባይደነቁር ኖሮም አይሰማኝም ነበር። ረፋድ ላይ ሄጄ ሳየው ሻይ የምትሸጥ ሴትዮ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ከአዲስ አበባ የሚገባውን መኪና ሁሉ እየተነሳ ይቃኛል። የሚወርደውን ሰው ፊት አንድ በአንድ ያያል፤ መኪናው ባዶ ሲሆን ተመልሶ ይቀመጣል። ምሳ ሰዓት ላይ ሄጄ እንግባ አልኩት፤ እምቢ አለ። በዶሮውና በበጉ መካከል እየተመላለስኩ በየመሐሉ የወንድሜን ቁጥር እሞክራለሁ። ያቺ ድምፅዋ ስልኩ ላይ የተቀዳ ሴትዮ የደወሉላቸው ደንበኛ ሊገኙ አይችሉም ትለኛለች። አንገቷን አግኝቼ ባንቃት ደስ ይለኝ ነበር።

ወደ ማታ ግድም የመጨረሻዎቹ መኪኖች ሲገቡ በባጃጅ ሄጄ እጁን ይዤ አነሳሁት። ሲነሳ ከበደኝ። ባጃጁ ውስጥ ገብተን ጥቂት እንደሄድን ቀስ ብሎ "መንገድ ላይ አንድ ነገር አግኝቶታል" አለ። የመንገዱን ነገር ሁላችንም እናውቅ ነበር። ቤት ስንደርስ አክስቴ ከፊቱ ላይ አንብባ ማልቀስ ጀመረች። በበዓሉ ቀን በጉ ታረደ፤ የቀመሰው ግን የአክስቴ ልጅ ብቻ ነው። አባቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ለመንገደኞች እንዲጸለይ ጠየቀ። ጉባኤው በሙሉ ለወንድሜ ሲጸልይ እኔ ከኋላ ቆሜ ቁጥሩን እሞክር ነበር።

በዓሉ አልፎ አክስቴ ልትመለስ ስትሰናዳ ስልኬ ጮኸ። ወንድሜ ነው። ድምፁ ደህና ነው፤ እንዲያውም ደስ ብሎታል። እንኳን አደረሳችሁ ይላል።

"የት ነህ?" አልኩት።

መስክ ነበርኩ፣ ኔትወርክ የሌለበት ቦታ፣ ዛሬ ገና ወደ ከተማ መግባቴ ነው አለኝ። ከዚያ ሁኔታዬ ግራ ገብቶት "ለአባባ ነግሬው የለም እንዴ? የመስክ ሥራ አለብኝ፣ ለፋሲካ አልመጣም ብዬዋለሁ እኮ" አለ።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። በኦሮምኛ "እመጣለሁ" ናን ዱፋ ነው፤ "አልመጣም" ሂን ዱፉ። መሐሉ ያው ነው። ልዩነቱ መጀመሪያውና መጨረሻው ላይ ነው፤ በመጨረሻው አንዱ አፍን ይከፍታል፣ ሌላው ከንፈርን ያሞጠሙጣል። ምስሉ የቆመው ከንፈሩ ሳይሞጠሞጥ ነው። የቀረውን አባቴ ከልቡ ሞላው።

ተቀምጬ ሳቅሁ፤ ሳቁ ወደ ልቅሶ ሲሄድብኝ ስልኩን ለአክስቴ ሰጠኋት። አባቴ ልጁ ደህና መሆኑን ከአክስቴ አፍ ሲያነብ ቁጭ ብሎ ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ። በእኔ ላይም፣ በወንድሜም ላይ አልተቆጣም። እኔ ግን የሁለታችንን ቁጣ ተሸክሜ በማግሥቱ የብሮድባንዱ ድርጅት ቢሮ ሄድኩ።

ጥገና ክፍል ገብቼ ሰው ይዤ ካልሄድኩ አልነሳም አልኩ። ከዚህ በፊት አንድ ቴክኒሻን መጥቶ እንደነበር፣ ሞደሙን አይቶ "ይሠራል እኮ" ብሎ እንደሄደ፣ እሱ ከበሩ እንደወጣ እንደጠፋ ነገርኳቸው። የላኩልኝ ያንኑ ሰው ነው። መጣ፤ መስመሩን ለካ፤ "ይሠራል እኮ ቲቸር" አለኝ። በሩ ላይ ቆምኩበት።

"እስኪጠፋ ድረስ አትሄድም" አልኩት።

ሥራ እንዳለበት፣ ሌላ ቤት እንደሚጠብቀው ነገረኝ። እኔም አባቴ መናኸሪያ ተቀምጦ እንደዋለ ነገርኩት። ሰውዬው አባቴን አየው፤ ከዚያ ዕቃውን አስቀምጦ ተቀመጠ። ምሳ አቀረብኩለት። ከሰዓት በኋላ የተለመደው ነፋስ ሲነሳ ያቺ መብራት ብልጭ ድርግም አለችና ጠፋች። በሕይወቴ ነገር ሲበላሽ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ተያይዘን ወጣን፤ ገመዱን ከግድግዳው ጀምረን ወደ ምሰሶው በዓይናችን ተከተልን። ከአጥሩ በላይ፣ ቆርቆሮው ጫፍ ላይ፣ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። መሰላል አመጣን። ፌስታሉ ሲፈታ ውስጡ ሁለት ጫፍ ሽቦ በእጅ ተጠምዝዞ አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል። አከራዬ ከቤታቸው ወጥተው ሲያዩ "እሱማ ግንበኛው ነው" አሉ፣ ነገሩ ምንም እንዳይደለ። አጥሩ ሲታደስ ገመዱ ተበጥሶባቸው ግንበኛው አያይዞላቸው ኖሯል። ለምን አልነገሩኝም ብላቸው "ይሠራ የለም እንዴ?" አሉኝ። ወደ ቤት ገባሁና ውሃ ጠጣሁ። ቴክኒሻኑ ከምሰሶው እስከ ግድግዳው አዲስ ገመድ ዘረጋልኝ።

በተከታዩ እሑድ ወንድሜ ሲደወልለት የፊቱ ጠባሳ እንኳ ሳይቀር ታየ። አባቴ ሰላምታውን እንደጨረሰ "ሁለቱንም በል" አለው። ወንድሜ አልገባውም፤ እኔ አስረዳሁት። እያፈረ "ሂን ዱፉ" አለ፤ ቀጥሎ "ናን ዱፋ" አለ። አባቴ አንገቱን ወደ ስክሪኑ አስግጎ አየ።

"ኋለኛውን ድገመው" አለው።

ወንድሜ ደገመው። በክረምቱ እውነትም መጣ፤ መንገዱ ሰላም በሆነበት ሳምንት። ሁለቱ አብረው ጌዶ ሄደው መሬታቸውን አዩ፣ ዘመድ ጠየቁ፤ እኔ የፈተና ወረቀት አርም ስለነበር ቀረሁ። ወንድሜ ወደ ሥራው ሲመለስ አባቴ ግን አብሮት አልመጣም። እህቱ ጋ ሊቆይ እንደወሰነ፣ አምቦ ውስጥ የሚያናግረው ሰው እንደሌለ ላከብኝ። ያ ሁሉ የተለፋበት መስመር ያለምንም እክል የሚሠራው እሱ በሌለበት ቤት ነው። አንዳንዴ ሞደሙን ሳየው በመስኮት ልወረውረው ያምረኛል።

አሁን አርብ ከትምህርት መልስ ጌዶ እሄዳለሁ። አክስቴ ቤት በረንዳ ላይ ወንበር አቅርቤ ፊት ለፊቱ እቀመጥና የሳምንቱን ሁሉ አወራዋለሁ፤ የተማሪውን፣ የአከራዩን፣ የወንድሜን። አባቴ ትንሽ ይከተለኝና እጁን ያነሳል።

"ቀስ በይ ልጄ፣ ኢንተላ ኮ" ይለኛል። "አፍሽ ይሮጣል።"