ስልኩን ያጠፋበት ጠዋት

የሆስፒታል አንሶላ የሚያጥቡት ሠራተኞች አለቃቸውን በሌለበት «የት ናችሁ» ይሉታል። ፊት ለፊት ሲሆን ጋሼ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጣችለት አንዲት ልብስ ተኳሽ ናት፤ ሰውየው አንድ ሠራተኛ ከዐይኑ ከተሰወረ «የት ነሽ? የት ነህ?» ሳይል አይውልማ! ምሳ ሰዓት ይደውላል። እሁድ ይደውላል። አንዷ ወልዳ በተኛች በማግስቱ ደውሎ «መቼ ነው የምትመለሽው?» ብሏታል፤ «እንኳን በሰላም ተገላገልሽ» ያላት ከዚያ በኋላ ነው።

ክፉ ሰው ግን አይደለም። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ እናቱ አክስቱ ቤት ደጃፍ ላይ አስቀምጣው «መጣሁ» ብላ ሄደች። የመጣችው በአራተኛው ዓመት ነው፤ እሱም ለሦስት ቀን። ከዚያ ወዲህ ሰው ጀርባውን ከሰጠው ሆዱ ይባባል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና አይፈረድበትም። የሚፈረድባቸው እንዲህ ላለ ሰው ሃያ ሦስት ሠራተኛና አንድ ያረጀ ቦይለር ያስረከቡት ናቸው።

ቦይለሩ ያለው ከማጠቢያው ክፍል በስተጀርባ ነው፤ መሐላቸው አንድ ስስ ግድግዳ ብቻ አለ። ግፊት ሲበዛ እሳቱን በራሱ የሚያጠፋው መሣሪያ ከተበላሸ መንፈቅ አልፎታል። ትርፉን እንፋሎት የሚያስተነፍሰው ቫልቭም ዝጎ ስለሚጣበቅ፣ በየጠዋቱ አለቃው በመዶሻ ቀስ አድርጎ ይቀጠቅጠዋል። ለበላዮቹ ማመልከት ነበረበት። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ ጽፎ ሁለቱንም ጊዜ መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት። ቦይለሩ እስካልተጠገነ ድረስ ቤቱ ያለ እሱ ግማሽ ቀን አይውልም። ይህን ለማንም ቀርቶ ለራሱም አውጥቶ አልተናገረውም።

ምክትሉ ነገሩ ገብቷታል። ፈጣን፣ ሳቂታ፣ ሁሉም የሚወዳት ሴት ናት። አንድ ቀን እሱ ስብሰባ ላይ ሳለ የግፊት መለኪያው ቀስት ቀዩን መስመር ሲነካ አየችና የማጥፊያውን ቁልፍ ተጭና እሳቱን አጠፋች። ደግ አደረገች። እሱ ሲመለስ ግን ፊቱ ከሰል መሰለ።

«እኔን ሳትጠይቂ?»

«ጋሼ፣ ቀዩን ነክቶ ነበር እኮ!»

«ስልክ የለሽም? ቅደም ተከተል አለው፤ መጀመሪያ የሚዘጋ አለ። አምላክ ጠበቀሽ እንጂ ይፈነዳብሽ ነበር።»

ውሸቱን ነው። ምንም ቅደም ተከተል የለውም፤ ቁልፉን መጫን ብቻ ነው። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ግን ሁሉም ደንግጠው ዐይን ዐይኑን ሲያዩት ደስ አለው፤ ሊያስተባብለውም አልፈለገም። ሁለት ሳምንት አኮረፋት። ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእሱ ሳይደውል ቦይለሩን የሚነካ ጠፋ።

አንድ ሰኞ ምክትሉ ቢሮው ገብታ ቆመች።

«ጋሼ፣ ሌላ ሥራ አግኝቻለሁ። እስከ ወሩ መጨረሻ ነው ያለሁት።»

«ምን አጎደልኩብሽ?»

«ኧረ ምንም! ብቻ ትንሽ ልተንፍስ ብዬ ነው።» ወደ በሩ ዞር ካለች በኋላ ተመለሰች። «ያንን ቅደም ተከተል ግን ለልጆቹ ያሳዩአቸው፤ በሞቴ። አንድ ቀን እርስዎ ባይኖሩስ?»

«እኔ የት እሄዳለሁ? የምትሄጂው አንቺ ነሽ።»

ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። ረቡዕ ጠዋት ቦይለሩን አስነሣ፤ ቫልቩን ቀጠቀጠው። አልላቀቅ አለው። ደጋግሞ መታው፣ አሁንም ያው ነው። ቆይቼ አየዋለሁ ብሎ ወጣ። በማጠቢያው ክፍል ሲያልፍ ሠራተኞቹ ምክትሏን ከበው ስለ ሽኝቷ ያወራሉ፤ ይሳሳቃሉ። ቀና ብሎ ያየው የለም። «እስቲ እኔ ብጠፋ ማን እንደሚፈልገኝ አያለሁ» አለ በልቡ።

ሦስት መንገድ ተሻግሮ አንዲት ሻይ ቤት ጥግ ይዞ ተቀመጠና ስልኩን አጠፋው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ ይሄኛው ግን የፈራው እስኪደርስበት እንኳ አልጠበቀም፣ በእግሩ ሄዶ ጠራው።

ሻዩ ቀዘቀዘ። ማን ቀድሞ ይደውል ይሆን እያለ ሠራተኞቹን አንድ በአንድ አሰበ። ቫልቩ ትዝ ሲለው ብድግ አለ፤ «ለምን አይፈልጉኝም!» ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። ድንገት የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ፤ ማንኪያዎቹ ሳህን ላይ ተንኳኩ።

«የከባድ መኪና ጎማ ፈነዳ መሰለኝ» አለች የሻይ ቤቷ ባለቤት።

«ይሆናል» አላት። ሌላ አሥር ደቂቃ ራሱን አስጨክኖ ቆየ።

አራት ሰዓት ሲል ስልኩን ከፈተው። ሠላሳ አንድ ጥሪ፤ ሁሉም የምክትሉ። ደረቱን የሞላው ደስታ ነበር፤ እውነቱ ይሄ ነው፣ ዐይኑ እንባ አቀረረ። «ፈለገችኝ» አለ ጮክ ብሎ። ቀጥሎ ሰዓቶቹን አየ። የመጀመሪያው ሦስት ከአሥር ላይ ነው፤ ከዚያ በየደቂቃው ማለት ይቻላል። የመጨረሻው ሦስት ከአርባ አምስት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የደወለ የለም።

ከጥሪዎቹ በታች አንድ መልእክት አለ፦ «ጋሼ ቀዩን አልፏል። ልጆቹን ወደ ውጭ አስወጥቻለሁ፣ እኔ እዚሁ አጠገቡ ነኝ። መጀመሪያ የሚዘጋው የቱ ነው?»

«ምንም የለም፣ ዝም ብለሽ አጥፊው» ብሎ ጻፈና ላከው። ቀና ሲል በመስኮቱ ፊት ሰዎች ይሮጣሉ፤ ሁሉም የሚሮጡት ወደ እሱ መሥሪያ ቤት ነው። እሱ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ መልሷን ይጠብቅ ነበር።