በፊልም የገባችበት በረኛ

በላፍቶ አስፋልት ዳር ጎማ የሚጠግነው ጀማሉዲን፣ ዓመት ሊያልቅ ሲል ሁለት ነገር ሳይናገር እንቅልፍ አይወስደውም። አንዱ በዓመቱ ስለታየው የስፖርት ጉድ ነው፤ ሌላው በአዲሱ ዓመት ስለሚመጡት ፊልሞች። ጳጉሜ ስትገባ ሙፊዳ ሻይ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑ ሥር ያለችው ወንበር የእሱ ናት፤ ማንም አይነካትም። እሱ "ዘንድሮ..." ብሎ ሲጀምር ደላላው ስልኩን ይዘጋል፣ የሚኒባሱ ረዳት መጣራቱን ይተዋል፣ ጎማዋ የተነፈሰ መኪና እንኳ ቀሪ አየሯን ቆጥባ ትጠብቀዋለች ይባላል።

ዘንድሮም በስፖርቱ ጀመረ።

"ያ ተከላካይ የተሸጠበትን ዋጋ ሰምታችኋል?" አለ፣ ሻዩን እስኪቀዘቅዝ ረስቶት። "ሰውዬው ኳስ መጠለዝ የሚችለው በግራ እግሩ ብቻ ነው። በዚያ ዋጋ እኮ ላፍቶን ከነኮንዶሚኒየሙ፣ ከነውሃ ታንከሩ፣ ከነአባይነህ ትገዛታለህ።"

"እኔ ደግሞ ምን ቤት ነኝ?" አለ አባይነህ።

"ምራቂ ነሃ።"

ቤቱ ሳቀ። አባይነህ አልሳቀም። ብሎኬትና ሲሚንቶ ነጋዴ ነው፤ ቀልድ ሲነካው እንደ ሲሚንቶው ይደርቃል። ከዚያም በላይ የላፍቶ ጤና ቡድን አምበል ነው። ጤና ቡድን ማለት ሐኪም "እንቅስቃሴ አድርጉ" ያላቸው ጎልማሶች እሁድ ጠዋት ተሰብስበው፣ ሐኪሙ ቢያይ ክው የሚልበትን ኳስ የሚጫወቱበት ማኅበር ነው። ጀማሉዲን ቡድኑ ከተመሠረተ ጀምሮ በረኛው ነው። የበረኝነት ማሊያውን ከሠርጉ ሱፍ አብልጦ ይወደዋል፤ ሱፉ ጠቦበት ቀረ፣ ማሊያው ግን አብሮት ሰፋ።

ከስፖርቱ ወደ ፊልሙ ተሻገረ። "ለአዲስ ዓመት ከሚወጡት አንዱ ሀብታም ልጅ ደሃ መስሎ የሚያፈቅርበት ነው። ሁለተኛው ደሃ ልጅ ሀብታም መስሎ የሚያፈቅርበት ነው። ሦስተኛው እነዚህ ሁለቱ መንገድ ላይ ተገናኝተው የሚካሰሱበት ሳይሆን አይቀርም። አራተኛው ግን..." ጉሮሮውን ጠረገ። "አራተኛው የዓመቱ ፊልም ነው። በተለይ በረኛው።"

አራተኛው ፊልም ላይ በረኛው ራሱ ነው። ግንቦት ላይ ፊልም ሠሪዎች መጥተው ጤና ቡድኑ የሚጫወትበት ሜዳ ላይ ካሜራቸውን ተከሉ። በረኛ እንዲሆን ያመጡት ተዋናይ የሜዳውን ጠጠር ሲያይ ሆዴን አመመኝ ብሎ መኪና ውስጥ ገባ። ዳይሬክተሩ ግራ ቀኙን ሲቃኝ፣ ጀማሉዲንን ከነሥራ ቱታው አየውና የጠፋ ዘመዱን ያገኘ ይመስል አቀፈው። ጀማሉዲን ከዚያ ወዲህ "ፊልም ላይ በረኛ ነኝ" ከማለት በቀር ምን እንዳደረገ ትንፍሽ አላለም። "ሲወጣ ታዩታላችሁ" ብቻ ይላል። ቀሪውን ሰፈሩ ራሱ ሞላው። አንዱ ሪጎሬ አዳነ አለ፤ ሌላው ሁለት ሪጎሬ አዳነ አለ፤ ወሬው ነሐሴ ላይ ብስራተ ገብርኤል ሲደርስ፣ ጀማሉዲን ኳሷን አቅፎ እስከ ወዲያኛው ጎል ሮጦ አግብቷል ተባለ።

"ማስታወቂያው እኮ ዛሬ ጠዋት ወጥቷል" አለች ሙፊዳ፣ ስልኳን ከቴሌቪዥኑ ጋር እያገናኘች። "ለሁላችሁም ላሳያችሁ ብዬ ነው ያላየሁት።"

ቴሌቪዥኑ በራ። አንድ መልከ መልካም ተዋናይ ጭንቅላቱን በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ፀጉሩ ግን ሳይበላሽ፣ እያነከሰ ወደ ኳሷ ሲሄድ ታየ። መታት። ኳሷ አልቸኮለችም፤ መንገድ እንደምትሻገር አሮጊት ግራና ቀኝ እያየች መጣች። ከዚያ ጀማሉዲን መጣ። ዘለለ ለማለት ያስቸግራል፤ ከአራተኛ ፎቅ እንደተለቀቀ ቁም ሳጥን ወረደ። ኳሷ ከሆዱ ሥር ሾልካ ገባች። ይህ እንዳይበቃ፣ ሙዚቃ ተጨምሮበት፣ በዝግታ ተደገመ።

ሙፊዳ ስኳር እየጨመረች የነበረበት ብርጭቆ ግማሹ ስኳር ሆነ።

ከሁሉም የደነገጠው ግን ጀማሉዲን ነው። ያን ቀን ዳይሬክተሩ "ኳሷን ልቀቃት" ብሎት ነበር፤ እውነት ነው። ሁለቴ እንደታዘዘው ለቀቃት፣ ሁለቴም "ውሸት ይመስላል፣ እንድገመው" ተባለ። በሦስተኛው ላይ ተዋናዩ ጠጋ ብሎ፣ "ጋሼ፣ አይፍሩ፣ ቀስ አድርጌ ነው የምመታት" አለው። ጀማሉዲን ደሙ ፈላ። የፊልሙን ነገር ረስቶ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ሊያድናት ዘለለ። ገባችበት። ዳይሬክተሩ ኮፍያውን ወደ ላይ ወርውሮ "ትወና ማለት ይሄ ነው" ብሎ ጨፈረ። አሁን ቴሌቪዥኑ ላይ ያለችው ያቺ ሦስተኛዋ ናት። ይህን በምድር ላይ ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም።

"ጀማሉ" አለ አባይነህ በመጨረሻ፣ "አሁን ምንድን ነው ያየሁት?"

"ትወና ነው።"

"ትወና?"

"ዳይሬክተሩ ልቀቃት አለኝ፣ ለቀቅኳት። ሥራ ነው እኮ።"

ጀማሉዲን በዚህ የዳነ መስሎት ትንፋሹን ለቀቀ። ቀና ሲል ግን የሁሉም ዓይን ከቅድሙ ይበልጥ ፈጧል።

"ልቀቅ ሲሉህ ትለቃለህ ማለት ነው" አለ አባይነህ፣ ቃላቱን እንደ ብሎኬት አንድ በአንድ እየደረደረ።

"በፊልም እኮ ነው።"

"ጎሉ የኛ ጎል ነው። ሜዳው የኛ ሜዳ ነው። እጅህ ላይ ያለው ጓንት የቡድኑ ጓንት ነው። ፊልሙ የቱ ጋ ነው?"

ጥግ ላይ የተቀመጠው ፀጉር አስተካካዩ ኢያቄም ብድግ አለ። ኢያቄም የቡድኑ ተጠባባቂ በረኛ ነው። ተጠባባቂነቱን በትዕግሥት ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። "የፋሲካዋስ አምስተኛ ጎል?" አለ። "እኔ ያኔም አላማረኝም ነበር።"

"ያኔ ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገብታ ነው።"

"ፀሐይዋንም ዳይሬክተሩ ነው ያመጣት?"

ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሳቸው። ባለፉት ዓመታት ላፍቶ ላይ የገቡ ጎሎች በሙሉ ከመቃብር ተነሡ። የጥምቀቷ፣ የአረፋዋ፣ ከቄራ ቡድን ጋር በእግሮቹ መሐል የሾለከችው፣ አንድ ጊዜማ ነፋስ ያስገባት ሁሉ ሳትቀር ተጠራች። እያንዳንዷ ስትጠራ አንዱ "አየህ፣ አየህ" ይላል። ሻዩ ሳያልቅ፣ በረኛው ጎል ይሸጥ እንደነበር የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው አባይነህ ሆነ። ጀማሉዲን ጉዳዩ እስኪጣራ ከጎል ታገደ፣ ጓንቱም ለኢያቄም ተሰጠ። ችግሩ፣ በዓመቱ መጨረሻ ቀን ከፉሪ ጤና ቡድን ጋር የሚደረገው ግጥሚያ ደርሷል። የተሸነፈው ቡድን የአሸናፊውን ማሊያ ያጥባል፤ በጳጉሜ ጭቃ የተለወሰ የፉሪ ማሊያ ማጠብ ምን እንደሚመስል ላፍቶ ያውቀዋል፤ አምና ሳሙና ከሱቅ ጠፍቶ ነበር።

ጀማሉዲን ሱቁን ዘግቶ ወደ ቤቱ አዘገመ። በየዓመቱ የዓለምን ጉድ ሲያወራ የኖረ ሰው፣ ዘንድሮ የዓመቱ ጉድ ራሱ ሆኖ አረፈው።

ሚስቱ ዙሌካ ማስታወቂያውን ከእሱ ቀድማ አይታዋለች። ሶፋው ላይ ተቀምጣ ስልኳን ዓይኗ ሥር አስጠግታ ደጋግማ እያየችው ነው።

"አገዱኝ" አላት። "ጎል ሸጧል ብለው።"

"አንተን?"

"ልቀቅ ቢሉኝ ለቀቅኩ ስላልኳቸው።"

ዙሌካ ቀና ብላ ፊቱን አየች፣ ስልኳን አየች፣ ደግማ ፊቱን አየች። "ታዲያ ለምን ዋሸሃቸው?"

"ምኑን ዋሸሁ?"

"ጀማሉ፣ ይቺ የነከስካት ምላስ እኮ የደረቀ ቡሎን ስትፈታ የምትነክሳት ናት። ከልብህ ስትታገል ካልሆነ ምላስህ አትወጣም። ለትወና ምላሱን የሚነክስ ሰው አላየሁም።"

ጀማሉዲን አጠገቧ ዘፍ አለ። ከዳይሬክተር፣ ከካሜራ፣ ከላፍቶ ሕዝብ ያመለጠው ነገር ከዙሌካ አላመለጠም።

"ንገራቸው እንግዲህ" አለች።

"ምን ብዬ? ያ በፋሻ የታሰረ ልጅ፣ እሱም ቀስ አድርጎ መትቶ፣ እኔ ሙሉ ኃይሌን አውጥቼ ገባችብኝ ልበል? ሌባ ቢሉኝ ይሻለኛል። ሌባ ቢያንስ ይችላል ይባላል።"

"እሺ፣ ሌባ ሆነህ ቁጭ በል" አለች ዙሌካ፣ ማስታወቂያውን እንደገና ከመጀመሪያው እያስነሳች። "እኔ ግን የወደድኩት ይሄንን ምላሱን የነከሰውን ነው።"

የዓመቱ መጨረሻ ቀን ደረሰ። ሜዳው ገንፎ ሆኗል። ጀማሉዲን ማሊያውን ከጃኬቱ ሥር ለብሶ፣ ማንም ሳይጠራው ከዙሌካ ጋር መጥቶ ጠርዝ ላይ ቆመ። ኢያቄም ጓንቱን አጥልቆ ይሟሟቃል፤ ኳስ በመጣችበት ቁጥር ግን የደንበኛ ፀጉር ላይ እንደሚያደርገው ወደ ኋላ ፈንጠር ብሎ ያያታል። አባይነህ እያየ አንገቱን ይነቀንቃል፣ ውሳኔውን ግን አይቀለብስም። ኮሚቴው አሥራ አራት ጎል መርምሮ አሥራ አራቱንም አጠራጣሪ ናቸው ብሏል።

የፉሪዎች አምበል ሂርጳ ነው፤ ሳቁ ከሰውነቱ የሚቀድም ወፍራም የወተት ነጋዴ። ጀማሉዲንን ገና ከሩቅ ሲያየው እጁን ዘርግቶ መጣ።

"የፊልሙ ሰው፣ ለምንድን ነው ያልገባኸው? ልጆቼን በሙሉ አንተን ላሳይ ብዬ አምጥቻቸዋለሁ።"

"ታግጄ ነው።"

"አይ፣ ዳይሬክተር ጎድሎህ ከሆነ ችግር የለም" አለ ሂርጳ፣ የልቀቃት ወሬው ፉሪም ደርሶት ኖሮ፣ ለሁለቱም ቡድን እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "እኔ እሆንልሃለሁ። ግባና ሁለቷን ብቻ ልቀቅልን፣ ማሊያውን እኛው እናጥባለን።"

ፉሪዎች በሳቅ ፈረሱ። ላፍቶዎች መሬት መሬት አዩ። ጀማሉዲን ጆሮው ጋለ። እሱ ላይ ቢሳቅ ይችለዋል፤ በዓመት አንዴ ራሱ ነው የሚያስቀው። አባይነህ አንገቱን ሲደፋ ግን አልቻለም።

"አልለቀቅኳትም" አለ።

"ምን?" አለ አባይነህ።

"ያቺን የፊልሟን። ሁለቱን ለቅቄያለሁ፣ እነሱን አልወሰዷቸውም። ያያችኋት ሦስተኛዋ ናት። እሷን ላድናት ነው የዘለልኩት። ወላሂ፣ ያለኝን ሁሉ አውጥቼ ነው የዘለልኩት። ገባችብኝ። የፋሲካዋም ገብታብኝ ነው። የአረፋዋም። ሁሉም ገብተውብኝ ነው።"

ሂርጳ እንኳ ሳቁ አፉ ውስጥ ቀረ። ሰው በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት "አልችልም" ሲል ላፍቶ ላይ ተሰምቶ አይታወቅም፤ የማይችሉት ብዙ ናቸው፣ የሚሉት ግን የሉም።

አባይነህ እጁን አነሣ። ኮሚቴው እዚያው ጭቃው ላይ ክብ ሠርቶ ተሰበሰበ። ኢያቄም "መጣራት አለበት" አለ። አንዱ "እንዲህ ያለ ነገር ዋሽቶ የሚናገር ሰው አለ እንዴ?" ሲል ግን ኢያቄም ጭቃውን ከጫማው ማራገፍ ጀመረ። አባይነህ ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ጀማሉዲን ዞረ።

"መሸጥ ወንጀል ነው" አለ። "አለመቻል በደንባችን ወንጀል አይደለም። ወንጀል ቢሆን ኖሮ እስካሁን ቡድን አይኖረንም ነበር። ይሄንን መጀመሪያ ሻይ ቤት ብትለን ምን ነበረበት? አሥራ አራት ጎል አስመረመርከን እኮ።" ጓንቱን ከኢያቄም ላይ ራሱ አውልቆ አቀበለው። ኢያቄም ብዙም አልተከራከረም፤ ፉሪዎች ሲሟሟቁ የሚመቱትን ኳስ ሲያይ ነበርና።

ጨዋታው ተጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ሂርጳ ከሳጥኑ ውጪ ኳሷን አገኛት፤ ሁለት ተከላካዮች ሊያስጥሉት ሲሮጡ ተንሸራተው አለፉት። መታት። ይቺ እንደ ፊልሟ ኳስ አልነበረችም፤ ጭቃውን እየሰነጠቀች መጣች። ጀማሉዲን ዘለለ። ጓንቱ ጫፏን ነካት፣ ብረቱ ነካት፣ ገባች።

ሂርጳ ሁለት እጁን ዘርግቶ ወደ ልጆቹ ሊሮጥ ሲል አንድ እንግዳ ድምፅ ሰማና ቆመ። የላፍቶ ተጫዋቾች በሙሉ እያጨበጨቡ ነው። አባይነህ፣ ያ በቀልድ እንኳ ጥርሱ የማይታይ ሰው፣ ከመሐል ሜዳ ሮጦ መጥቶ ጀማሉዲንን ከነጭቃው አቅፎታል። "አይታችኋል?" ይላል ለራሱ ሰዎችም ለፉሪዎችም። "ከልቡ ነው። ሙሉ በሙሉ ከልቡ ነው የገባችበት።" ዙሌካም ከጠርዝ ታጨበጭባለች።

ሂርጳ ኳሷ መረብ ውስጥ መሆኗን ለማረጋገጥ ዞሮ አየ። እዚያው ነች። አግብቷል። እንኳን ደስ ያለህ የሚለው ግን አጣ፤ የገዛ ልጆቹ እንኳ ለበረኛው እያጨበጨቡ ነበር።