የተወሰደብኝ አባቴ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ነው። ዓመት ሊሞላው ቢቃረብም እስካሁን ክፍል ገብቼ ጠመኔ ባነሳሁ ቁጥር ፊቴ ላይ ድቅን ይልብኛል።

ከሰቆጣ ራቅ ባለው ዝቋላ ወረዳ ውስጥ የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። ልጄ ሔመን ግን የምትኖረው ሰቆጣ ከእናቴ ጋር ነው። አስም አለባት፤ እኔ ያለሁበት ደግሞ ሙቀቱም አቧራውም አይጣል ነው፣ ሐኪም ቤቱም ሩቅ ነው። በወር አንዴ መንገድ ከቀናኝ አያታለሁ። ስመለስ መኪናው ላይ ስወጣ እንዳታየኝ እናቴ በጓሮ ይዛት ትዞራለች።

ሔመንን ክርስትና ያነሳችልኝ ዝማም ናት። ያኔ አንድ ትምህርት ቤት ነበር የምናስተምረው፤ እሷ ሰባተኛ «ለ»፣ እኔ ሰባተኛ «ሀ»። አንድ ግቢ ተከራይተን አንድ መሶብ ነበር የምንበላው። በእኛ አገር አበልጅ ማለት ከእህት አያንስም። አበልጅ ከአበልጁ አይደብቅም፣ በሰው ፊትም አይካሰስም።

ተማሪዎቼን መከራ የሚያሳያቸው «ጌት» የሚሉት የእንግሊዝኛ ግስ ነበር። አንድ ጊዜ ትርጉሙ «ማግኘት» ነው ተብለዋል፤ በቃ፣ የትም ቦታ ሲያዩት «ማግኘት» ነው። «ጌት አፕ» ሲባሉ «ወደ ላይ ማግኘት»፣ «ጌት ታየርድ» ሲባሉ «ድካም ማግኘት»። ቤታቸው ኽምጣኛ ነው የሚናገሩት፣ አማርኛውንም የለመዱት ትምህርት ቤት ነው። በሦስተኛ ቋንቋ እንዲህ ያለ መላ ቅጥ የሌለው ግስ ሲመጣባቸው ምን ያድርጉ?

መላው የመጣልኝ አባቴን ሳስታውስ ነው። አባቴ ነፍሱን ይማረውና ገበሬ ነበር፤ ወንፈል ከጠሩት አይቀርም። አንዱ ጋ ሄዶ ያርማል፣ ሌላው ጋ ያጭዳል፣ ሌላው ጋ ይወቃል። ሰውየው ያው አባቴ ነው፤ ሥራው የሚለየው እንደ ባለማሳው ነው።

ተማሪዎቼን ባለማሳ አደረግኳቸው። አንዷ «አፕ»፣ አንዱ «ሆም»፣ አንዱ «ታየርድ»፣ አንዷ «ማሪድ» ሆኑ። «ጌት» የሆነው ልጅ እንጨት እንደ ማጭድ ይዞ በየማሳው ይዞራል። «አፕ» ጋ ሲደርስ ከእንቅልፉ ይነሳል፣ «ሆም» ጋ ቤቱ ይገባል፣ «ታየርድ» ጋ ይደክመውና ዝርግት ይላል። «ማሪድ» ጋ ሲደርስማ ያገባል፤ ክፍሉ በእልልታ ይቀልጣል። ከዚያ ወዲህ «ወደ ላይ ማግኘት» የሚል ተማሪ አላየሁም።

በዚሁ መሀል ውድድር መጣ። ከየወረዳው የእንግሊዝኛ መምህራን ሰቆጣ ላይ የማሳያ ትምህርት ይሰጣሉ፤ ያሸነፈው እዚያው ሰቆጣ ተመድቦ ሌሎች መምህራንን ያሠለጥናል። ስሰማ እግሬ አልረጋ አለ። ሰቆጣ ማለት ለእኔ ሔመን ናት፤ ማታ ማታ ደረቷን እያዳመጥኩ አቅፌያት ልተኛ ነው።

ዝማምም ተመዘገበች። «እኔ እንኳ ስለ ንባብ ነው የማቀርበው፣ ላንቺ ማጀቢያ ልሁን ብዬ ነው» አለችኝ። ማታ ማታ እንደ ተማሪ ፊቴ እያስቀመጥኩ ተለማመድኩባት። «ጌት» ሆና ግቢያችንን ስትዞር አከራያችን ሳይቀሩ በሳቅ ሞቱ።

የውድድሩ ቀን ዕጣው ለእሷ ቀድሞ ወጣ። ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳችና በእንግሊዝኛ ጀመረች።

«አባቴ ገበሬ ነው። ወንፈል ሲወጣ እያየሁ ነው ያደግኩት።»

መጀመሪያ በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም። የዝማም አባት ላሊበላ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ማጭድ ጨብጠው አያውቁም። እሷ ግን ቀጠለች። ማረሙን፣ ማጨዱን፣ መውቃቱን፣ አንድም አላስቀረችም። «ማሪድ» ጋ ስትደርስ ዳኞቹ ራሳቸው እልል አሉ።

ተራዬ ደረሰ። «የእኔ ነው» ብል ማን ያምነኛል? ቢያምኑኝስ፣ የልጄን ክርስትና እናት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሌባ ልበላት? በጥድፊያ ስለ ኃላፊ ጊዜ አስተማርኩ፤ ጠመኔው እጄ ላይ ተሰበረ። አንድ ሽማግሌ ዳኛ «ተዘጋጅተሽ ብትመጪ ጥሩ ነበር፣ ልጄ» አሉኝ።

ውጭ ስንገናኝ ዝማም ክንዴን ያዘችኝ።

«ተይ እንግዲህ፣ እኔም ሰው ነኝ። ዝቋላ አንገሸገሸኝ። አንቺ ጭንቅላት አለሽ፣ ሌላ ታመጫለሽ።»

«አባቴንስ?» አልኳት።

«ምን አባትሽን?»

«አባቴን ለምን ወሰድሽው?»

ክንዴን ለቀቀችና ነጠላዋን ማስተካከል ጀመረች።

ዝማም አሸንፋ ሰቆጣ ተመደበች። የተከራየችውም እናቴ ቤት አጠገብ ነው፤ ለሔመን እንዲመቻት ብላ እንደሆነ ነገረችን። የንስሐ አባታችን መቃቃራችንን ሰምተው አስጠሩን። «ክርስትና ያስተሳሰራችሁ ናችሁ፣ ይቅር ተባባሉ» አሉ። «እርስዎ ካሉ ይሁን፣ አባ» ብዬ ጉንጯን ሳምኩ። ከንፈሬ እንጂ ሆዴ አልሳማትም።

ታኅሣሥ ላይ እናቴ ደወለች። ሔመን ትንፋሽ አጥሯት ሆስፒታል ገብታለች። መኪና እስካገኝ ቀኑ ተጋመሰ፤ ኢሱዙ ላይ ከከረጢት ጋር ታጭቄ በማግስቱ ደረስኩ።

ዝማም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ ደም መስሏል፣ እግሯ ላይ የቤት ነጠላ ጫማ ነው። እናቴ «ይቺ ባትኖር ልጅሽ አልነበረችም። አዝላት ሮጣ ነው ያደረሰቻት» አለችኝ።

ሔመን ተኝታ የዝማምን እጅ ይዛለች። ቀስ ብዬ ላላቅቃትና የኔን ላስጨብጣት ሞከርኩ። በእንቅልፏ ተነጫንጫ የዝማምን እጅ መልሳ አጥብቃ ያዘችው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኳት ዝማምን። ከልቤ ነበር። አፌን ግን እንደ ኮሶ መረረኝ።

ሔመን አሁን ደህና ናት። እኔም ዝቋላ ነኝ። ልጄን ስላተረፈችልኝ ለዝማም ዕድሜ እለምንላታለሁ። ግን ያን ቀን ልጄን አዝዬ መሮጥ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ይህን ይቅር ማለት እንዴት እንደሚቻል የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፤ እኔ አልቻልኩበትም።